ግብር የቀረበት አዳራሽ፦ የወሎ የመንግሥት መቀመጫዎችና አጠባበቃቸው

የወልድያ ሰው ስለ የጁ መሳፍንት ሲያወራ ድምፁ ከፍ ይላል። አይፈረድበትም። ከታላቁ ራስ አሊ እስከ ትንሹ ራስ አሊ ድረስ፣ ሰባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ጎንደር ላይ ንጉሥ እያነገሡና እያወረዱ አገሩን የገዙት የዚህ ምድር ልጆች ናቸው። እንግዳ መጥቶ «ታዲያ ቤተ መንግሥታቸው የታለ?» ሲል ግን ጣታችንን የምንቀስረው በጎንደሩ መንገድ ወደ ምዕራብ ነው። የመሳፍንቱ መቀመጫ የጁ ሳይሆን ደብረ ታቦር ነበር። ያቺንም ከተማ ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲነሡ አቃጥለዋታል። ጌታው ሲነሣ ቤቱ አብሮ ይነሣል፣ አለዚያም ይቃጠላል።

ይህ የየጁ ብቻ ታሪክ ቢሆን ኖሮ በአንድ አንቀጽ ባለቀ ነበር። ነገር ግን ከላስታ ተራራ እስከ ደሴው ጦሳ ተራራ ግርጌ በወሎ ምድር የተተከሉ የሥልጣን መቀመጫዎችን ተራ በተራ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ዘመን ተሻግረው የቆሙት ከሁሉ የጠነከሩት አይደሉም፤ ባለቤታቸው ከሄደ በኋላ ሌላ ሥራ ያገኙት ናቸው። ሥራው ምን ዓይነት ነው የሚለው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

መጀመሪያ ቃሉን እንይ። ዛሬ «ከተማ» ስንል አስፋልትና ፎቅ ይታየናል። ቃሉ ግን «ከተመ» ከሚለው የመጣ ነው፤ ሠራዊት ሰፈረ፣ ድንኳን ተከለ ማለት ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት የኢትዮጵያ መንግሥት መቀመጫ ንጉሡ ያደረበት ሰፈር ነበር። ማገዶው ሲያልቅ፣ የአካባቢው ገበሬ ጎተራ ሲራቆት፣ ሰፈሩ ይነቀላል። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ሲቆረቁሩ የለወጡት ይህንን ልማድ ነው፤ እሱም ቢሆን ለጊዜው ነው እንጂ ድንኳኑ ከዚያም በኋላ ተመልሶ መጥቷል። ከወልድያ በመርሳና በውርጌሳ አልፎ ወደ ደሴ የሚወርድ መንገደኛ ውጫሌ ሲደርስ ይስማ ንጉሥ ቅርቡ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በአድዋ ጦርነት የተቋጨውን የክርክር ሁሉ እናት፣ ያንን በአሥራ ሰባተኛው አንቀጹ የሚታወቅ የውጫሌ ውል ምኒልክና የጣሊያኑ መልእክተኛ አንቶኔሊ የተፈራረሙት እዚያ ሰፈር ላይ ነው። ያን ያህል ክብደት ያለው የመንግሥት ሥራ ሲሠራ የግንብ ቤት አላስፈለገውም። ስለዚህም የእኛን አገር የመንግሥት መቀመጫ ታሪክ በድንጋይ ብቻ የሚፈልግ ሰው ግማሹን ያጣዋል።

በድንጋይ ከተባለ ግን የሰሜን ወሎን ያህል የሚያኮራ የለም። የዛጉዌ ነገሥታት መናገሻ ላስታ ነበረ። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ዐሥራ አንዱም ቆመዋል፤ በ1970 ዓ.ም. ከመጀመሪያዎቹ የዓለም ቅርሶች አንዱ ሆነው ተመዝግበዋል። ቤተ መንግሥቱስ? ብዙ ሰው ጠፍቷል ብሎ ያልፈዋል። የሥነ ሕንፃና የአርኪዮሎጂ ሊቃውንት ግን ወደ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ሲመጡ እግራቸው ይገታል። አቀማመጡ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ እንደተጀመረ ሕንፃ አይደለም። በጥልቅ ገደል የተከበበ ነው፤ የሚገባበትም በድልድይ ነው። ቤተ መርቆሬዎስም እንዲሁ መጀመሪያ ለሌላ ሥራ የተፈለፈለ ይመስላል፤ የእግር ብረት ስለ ተገኘበት የፍርድ ቦታ ወይም እስር ቤት ሳይሆን አይቀርም የሚሉ አሉ። ዴቪድ ፊሊፕሰንን የመሳሰሉ አጥኚዎች እነዚህ ሁለቱ በመጀመሪያ የቤተ መንግሥት ወይም የምሽግ ክፍሎች ነበሩ ይላሉ። ይህ እውነት ከሆነ፣ እኔ እንደሚያሳምነኝ፣ የወሎ ጥንታዊው የመንግሥት ሕንፃ ዛሬም በየማለዳው ኪዳን ይደረስበታል። ያዳነው ታቦት መግባቱ ነው። ታቦት የገባበት ቤት ጠባቂው አይነሣም፤ ክዳኑን የሚያይ፣ ጉድፉን የሚጠርግ፣ ሌባ ሲመጣ የሚጮኽ ካህን አለው።

ታቦት ያልገባበትን ቤተ መንግሥት ደግሞ መቅደላ ላይ እናገኘዋለን። አምባው በተፈጥሮው ምሽግ ነው። ቴዎድሮስ በመላ አገሪቱ ከሰበሰቡት ብራናና የወርቅ ዕቃ ጋር የመጨረሻ መቀመጫቸውን እዚያ አደረጉ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ሠዉ፤ ከአራት ቀን በኋላ የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር አምባውን በእሳት አጋየው። ዝርፊያው በዐሥራ አምስት ዝሆኖችና ሁለት መቶ በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወረደ። የለንደኑ ብሪቲሽ ላይብረሪ ዛሬ 350 ያህል የመቅደላ ብራናዎች አሉት። ስለ ብራናዎቹ መመለስ መቶ ዓመት ተከራክረናል፤ ስለ ቤቶቹ የሚከራከር የለም። የሣር ክዳን ቤቶች ነበሩና ሲቃጠሉ የቀረ ነገር አልነበረም። ቅርስ የምንለው ተሸክመው ሊወስዱት የሚቻለውን ብቻ ይመስል።

ደሴ ስንደርስ ነገሩ ይወፍራል።

ከተማዪቱን በ1870ዎቹ አጋማሽ የቆረቆሯት ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ናቸው ይባላል፤ ጭራ ያላት ኮከብ በሰማይ አይተው «ደሴ» አሏት ነው ታሪኩ። መናገሻ ያደረጓት ግን ሚካኤል ናቸው። በቦሩ ሜዳው የሃይማኖት ጉባኤ ማግሥት ተጠምቀው ከመሐመድ ዓሊነት ወደ ራስ ሚካኤልነት፣ ግንቦት 23 ቀን 1906 ዓ.ም. ደግሞ የወሎና የትግራይ ንጉሥ ወደ መሆን የደረሱት ሰው። የደሴው ትልቁ አዳራሻቸው ስም ብቻውን አንድ የፖለቲካ ድርሰት ነው፤ አይጠየፍ። ማንንም አይጠየፍም፤ ክርስቲያኑንም እስላሙንም፣ ባለ ካባውንም ባለ ደበሎውንም ያስገባል ለማለት ነው። ሁለት ሃይማኖት ተዋልዶ በሚኖርበት በወሎ ምድር፣ ራሱ ሃይማኖቱን የለወጠ ንጉሥ፣ የአዳራሹን ስም እንዲህ ብሎ ማውጣቱ እንዲያው የመጣለት አይመስለኝም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የአገራችን ቤተ መንግሥት አሠራር እልፍኝና አዳራሽን ይለያል። እልፍኝ የጌታው የግሉ ነው፤ ሚስጥርና ዕረፍት። አዳራሽ ግን የሕዝብ ነው። ግብር የሚገባው፣ ጠጁ የሚቀዳው፣ ሹመት የሚነገረው፣ ፎካሪው የሚፎክረው፣ የተበደለው «አቤት!» የሚለው በእሱ ዙሪያ ነው። ሌላ አገር የመንግሥት ሕንፃ ልቡ የሕግ አውጪዎች ወንበር ያለበት አዳራሽ ነው፤ የእኛ ግን መሶቡ ነበር። በሥጋና በጠጅ የታሰረ ታማኝነት ነው። ሰው ከአዳራሹ ጠግቦ ሲወጣ መንግሥት አለ ማለት ነው። በሰገሌ ጦርነት ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ንጉሥ ሚካኤል ሲማረኩና ሁለት ዓመት ያህል ታስረው ሲያርፉ፣ አይጠየፍ ያጣው ባለቤቱን ብቻ አይደለም። ሥራውን አጣ። ግብር የማይገባበት የግብር አዳራሽ ምንድነው? ትልቅ ባዶ ቤት ነው። ይህን ያህል ስፋት ያለው ቤት ለቢሮ አይመችም፣ ለመኖሪያም አይሆንም። እንደ አይጠየፍ ያሉ አዳራሾች አጠባበቅ ራስ ምታት የሚሆነው ለዚህ ይመስለኛል። ክዳኑን ማደስ ይቻላል፤ ምን እንሥራበት ለሚለው መልስ ግን አናጢ አይሰጥም።

ከዚያ በኋላ የደሴ የመንግሥት መቀመጫ ወደ አልጋ ወራሹ ዞረ። አስፋ ወሰን ወሎን ሲገዙ፣ ከስማቸው ጋር የሚነሣው መርሆ ግቢ የክፍለ ሀገሩ ልብ ሆነ። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሲወርረን ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጦራቸውን መጀመሪያ የመሩት ከደሴ ሆነው ነው። ኅዳር 26 ቀን የጠላት አውሮፕላኖች ከተማዪቱን ደበደቧት፤ የአሜሪካ አድቬንቲስቶች ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። የመንግሥት መቀመጫ በጦርነት ጊዜ የሕዝብ መመኪያ ነው፤ የቦምብ መሳቢያም ነው።

ያንን ነገር የእኛ ትውልድም አይቶታል። ወልድያ ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በትግራይ ኃይሎች እጅ ነበረች፤ ደሴም ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ። የደሴ ሙዚየም ተዘረፈ። ሙዚየሙ ራሱ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረ ቤት ነው፤ ማለትም የባለሥልጣን ቤት ሌላ ሥራ አግኝቶ ከቆመባቸው ጥቂት ምሳሌዎች አንዱ። ግድግዳው ቀረ፣ ሆዱ ባዶ ሆነ። በየመሥሪያ ቤቱ ደግሞ መዝገብ ተበተነ። የመሬት ካርታ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የልደት ማስረጃ። ሕንፃ ሲጎዳ ፎቶ ይነሣል፣ በዜና ይነገራል። ፋይል ሲቃጠል ግን የሚያውቀው ከሦስት ዓመት በኋላ ለውርስ ጉዳይ መጥቶ «መዝገብዎ የለም» የሚባለው ገበሬ ነው። የመንግሥት ሕንፃን መጠበቅ ሲባል የሕንፃውን ሆድ ይጨምራል ብዬ የማምነው ከዚያ ወዲህ ነው።

በሌላው የአገሪቱ ክፍል ያለውን በጨረፍታ። መቐለ ላይ ጣሊያናዊው ጃኮሞ ናሬቲ ለዐፄ ዮሐንስ የሠራው ቤተ መንግሥት ሙዚየም ሆኗል። ጅማ ጅሬን ላይ የአባ ጅፋር የእንጨት ቤት እየታደሰ እየተጎዳ ቆሟል። ባሕር ዳር ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ያለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ከዓባይ አፋፍ ሆኖ ከተማዋን ቁልቁል ያያታል፤ ከተማዋም ከሩቅ ሆና ታየዋለች። አዲስ አበባ ግን ሁለት ትምህርት የሚሆኑ ነገሮች አሉ።

አንዱ የምኒልክ ግቢ ነው። ለመቶ ዓመት ሰው የማያልፍበት፣ ካሜራ የማይነሣበት ግቢ ነበር። መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ተብሎ ሲከፈት የዙፋን ቤቱ፣ የግብር አዳራሹና እንቁላል ቤቱ ታድሰው ለሕዝብ ታዩ። የወሎ ሰው ይህን ሲያይ መጀመሪያ ወደ አእምሮው የሚመጣው አይጠየፍ ነው፤ አንድ ዓይነት ቤት፣ ሁለት ዕድል። ልዩነቱ የዕቃው ጥራት አይደለም። አንደኛው በቅጥሩ ውስጥ አሁንም መንግሥት አለበት፤ ሁለተኛውን መንግሥት ጥሎት ሄዷል። ሁለተኛው ነገር የአፍሪካ አዳራሽ ነው። አርቱሮ ሜዘዲሚ የነደፈው፣ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት፣ የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል ያለበት ቤት፣ ከረጅም እድሳት በኋላ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፍቷል። እድሳቱ በአሥርት ሚሊዮን ዶላሮች የሚቆጠር ገንዘብ በልቷል። ገንዘቡ የተገኘው ቤቱ ቋሚ ተገልጋይ፣ እሱም የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ስላለው ነው።

እንግዲህ ቢሮ ይሁንበት፣ ሥራ ይሰጠው፣ ይድናል ልንል ነው? እዚህ ላይ ጣጣው ይመጣል። መሥሪያ ቤት የገባበትን አሮጌ ግንብ ያየ ሰው ያውቀዋል። ሰፊው ክፍል በኮምፔንሳቶ ለአራት ይከፈላል። የጥድ ጣሪያው በነጭ አቡጄዲ ይሸፈናል፣ ግድግዳው በሚስማር ይበሳል፣ ሽቦ ይዘረጋበታል። ከሁሉ የከፋው ግን በበጎ ሐሳብ የሚደረገው ነው፤ በኖራና በጭቃ የተሠራ የድንጋይ ግድግዳ ሲሰነጠቅ በሲሚንቶ ይለሰናል። ኖራ ይተነፍሳል፤ ከመሬት የሚመጣውን እርጥበት ያስወጣል። ሲሚንቶ ያፍነዋል። ውኃው መውጫ ሲያጣ ወደ ውስጥ ገብቶ የጭቃውን ምርግ ያበሰብሰዋል፤ ላዩ አዲስ መስሎ ውስጡ ይፈረካከሳል። ጎንደር ላይ በጣሊያን ዘመን የተደረገው የሲሚንቶ ጥገና ያመጣው ችግር በኋላ ባለሙያዎችን ወደ ኖራው መልሷቸዋል። ሰባራ ግንብ ከነሰባራው ሃምሳ ዓመት ይቆያል፤ በሲሚንቶ የታፈነ ግን አንድ ክረምት ሲበዛበት አይቻለሁ።

በላሊበላም ተመሳሳይ ነገር በሌላ መልክ ተከሥቷል። በ2000 ዓ.ም. በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተተከሉት ትልልቅ የብረት መጠለያዎች ዝናቡን ለማስቀረት የታሰቡ ጊዜያዊ ነገሮች ነበሩ። ጊዜው አልፎ ቆሙ። ክብደታቸው ራሱ ስጋት ሆነ፤ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የላሊበላ ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ ይነሡልን አለ። ቅርስን የሚያፈርሰው ቸልታ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር በክልላችን የለም።

አንድ የውጭ ምሳሌ ልጨምር፤ የአሜሪካን ነገር ለመቅዳት ሳይሆን ዘዴው ስለሚገርም ነው። የቴክሳስ ክፍለ ግዛት ምክር ቤት ኦስቲን ከተማ ውስጥ ያለው ሕንፃ በአውሮፓ አቆጣጠር 1888 የተጠናቀቀ ነው። ሠራተኛ በዛ፣ ክፍሎቹ ተሸነሸኑ፣ ጣሪያው ዝቅ ተደረገ፤ ልክ እንደ እኛው። በ1983 እሳት ተነሣና ሕንፃው ለጥቂት ዳነ። በዚያው ዓመት ሕንፃውን ብቻ የሚጠብቅ ቦርድ በሕግ ተቋቋመ። ቦርዱ ያደረገው ቢሮዎቹን ከግቢው ማባረር አልነበረም፤ ከሕንፃው በስተሰሜን መሬቱን ቆፍሮ አራት ደረጃ ያለው ምድር ቤት ሠራ፣ በ1993 ጨረሰ፣ ሠራተኛውን ወደዚያ አወረደ። ላይኛው ቤት ከሽንሸናው ተላቀቀና በ1995 እድሳቱ አለቀ። መንግሥት አሁንም እዚያው ነው። ሕንፃውንና ሥራውን ሳይለያዩ አሳደሯቸው ማለት ነው።

የእኛስ ሕግ? ሕግ አለን። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በእጁ ያለ ሰው ወይም ድርጅት በራሱ ወጪ እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ ለመጠገን የሚፈልግም አስቀድሞ ፈቃድ እንዲያገኝ ይላል። አዋጅ ቁጥር 839/2006 ደግሞ ቅርሶችን ብሔራዊና ክልላዊ ብሎ ይመድባል። ወረቀቱ መጥፎ አይደለም። ክፍተቱ ያለው ከሁለቱም መዝገብ ውጪ በቀረው ላይ ነው። ላሊበላ ጌታ አለው፤ ጎንደር ጌታ አለው። የአውራጃ ገዥ ጽሕፈት ቤት ማን አለው?

ወደ ቤታችን ልመለስ። ወሎ ጠቅላይ ግዛት በነበረ ጊዜ ወልድያ የየጁ አውራጃ ከተማ ነበረች፤ ዛሬ የሰሜን ወሎ ዞን መቀመጫ ናት። መርሳም የሐብሩ ወረዳ መቀመጫ ናት። በእንዲህ ዓይነት ከተሞች የመንግሥት መቀመጫ ማለት ፊቱ ረጅም በረንዳ ያለው፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ድንጋይ ወይም ጭቃ፣ ግቢው ባሕር ዛፍ የሆነ ቤት ነው። ጉልላት የለውም። ሥዕል የለውም። ነገር ግን የሐብሩ ገበሬ መንግሥትን ያወቀው በአይጠየፍ ወይም በምኒልክ አዳራሽ በኩል አይደለም፤ በዚህ በረንዳ በኩል ነው። ከዛፉ ሥር የአቤቱታ ጸሐፊው ታይፕ ይንቀጫቀጫል፤ ባላገሩ ጋቢውን ደርቦ ስሙ እስኪጠራ ተደግፎ ይቆማል። ግብር ተከፍሎበታል፣ ወሰን ተከራክረውበታል፣ ወታደር ተመልምሎበታል፣ በደርግ ጊዜ ቀበሌው ተሰብስቦበታል። እኔ ራሴ ለአንዲት ማስረጃ ስድስት ቀን የተመላለስኩበት አንድ በረንዳ አለ፤ ቂም ይዤበት እንኳ ቢፈርስ ቅር ይለኛል። ግድግዳው ሰው ተደግፎ ከቆመበት ቁመት ላይ ጠቁሮ፣ ወዝ ጠግቦ ነበር።

እነዚህን የሚያፈርሳቸው ጦርነት ወይም ጠላት አይደለም። ልማት ነው። አሮጌው ግቢ መሀል ከተማ ስለሚገኝ መሬቱ ውድ ነው፤ ባለ መስታወት ፎቅ ሲታሰብ መጀመሪያ የሚነሣው እሱ ነው። «ይህ እኮ ጭቃ ቤት ነው» ይባላል። ሁሉም ይጠበቅ አልልም። ዐሥራ ሁለት አውራጃ የነበረው ክፍለ ሀገር የአውራጃ ቢሮውን ሁሉ ሙዚየም ቢያደርግ ጎብኚው ማን ሊሆን ነው? ከመፍረሱ በፊት ግን የአንድ ሳምንት ሥራ አለ፤ መለካት፣ በወረቀት መንደፍ፣ ፎቶ ማንሳት፣ ማን መቼ እንደሠራው ከሽማግሌ ጠይቆ መጻፍ። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የሥነ ሕንፃና የታሪክ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፍ አክሱምና ጎንደር ከሚሄድ በእግሩ የሚደርስበት ርእስ እዚህ ሞልቶለታል። ከእነዚህ ውስጥ አንዱ ቢመረጥ፣ አንዱ ብቻ፣ የዞኑ የአሮጌ መዛግብት ቤት ሊሆን ይችላል። በ2014 ዓ.ም. ከተበተነው የተረፈው ፋይል አቧራ ከመጠጣት ይድናል፤ ቤቱም ሥራ ያገኛል፤ ያም ሥራ ክፍል መሸንሸን የማይጠይቅ፣ ጸጥታ ብቻ የሚሻ ሥራ ነው።

ገንዘቡ ብዙ አይደለም። የአሮጌ ቤት ሕመም ከላይ ነው የሚጀምረው፤ ቆርቆሮው ሲበሳ ማገሩ ይነክራል፣ አሸንዳው በቅጠል ሲደፈን ውኃው በግድግዳው ይወርዳል፣ መሠረቱ ሥር ኩሬ ይሠራል። መሰላል፣ መጥረጊያ፣ ጥቂት ኪሎ ሚስማርና ሰኔ ከመግባቱ በፊት ጣሪያው ላይ የሚወጣ አንድ ሰው ይበቃል። እስካሁን የዚያ ሰው ደመወዝ በየትኛው መሥሪያ ቤት በጀት ውስጥ እንደሚጻፍ የወሰነ የለም፤ ባሕር ዛፎቹ ግን በየዓመቱ ቅጠላቸውን አሸንዳው ላይ ያራግፋሉ።